መኪናዋ መቶ ካለች በኋላ

ግንቦት 17 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ቻርጅ ገመድ ላይ የዋለችው የኤሌክትሪክ መኪና መቶ ፐርሰንት ደርሳ ነበር፤ የባትሪ ሴሎቿን ማመጣጠኑን ግን አልጨረሰችም። ገመዱን የነቀለው ታናሽ ወንድምየው ነው። ታላቅየው ከምሳ በፊት ልቡ ቆሞ፣ አንሶላ ለብሶ መኝታ ቤት ተጋድሟል። ታናሽየው ለሐዘንተኛ ወንበር ሊያመጣ ቸኩሏል።

"ትንሽ ብትጠብቃት ምን ነበረበት?" አለችው እህታቸው በሩ ላይ ቆማ።

"እታለም፣ መቶ ትላለች እኮ! ሞልታለች!"

"መቶ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ወንድምህ ስንቴ ነገረህ?"

"አሁን ይሄ የሚወራበት ሰዓት ነው?" ብሎ መኪናዋን አስነስቶ ወጣ።

ወንበሮቹ መጡ። የተቀመጠባቸው ሁሉ ሟቹን ማወደስ ጀመረ። "ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነበር" አለች ጎረቤታቸው። "ቁጣ የሚባል ነገር አያውቅም" ብሎ ጨመረ የታክሲ ባልደረባው፣ በግልፍተኝነቱ የተነሳ "ክብሪት" የሚል ስም ያወጣለት ራሱ ሰውዬው።

እህት ጥርሷን ነከሰች። ሰው ሲሞት ጠባዩንም አብረው ሊቀብሩት ነው? ወንድሟ ቁጡ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ጫማውን ይቆጣል፣ መንገድ ላይ መብራቱን ይቆጣል፣ የሚቆጣው ሲያጣ ሬዲዮ ከፍቶ ዜና አንባቢውን ይቆጣል። ከሁሉ የባሰው ቁጣው ግን በዚያች መኪና ባትሪ ላይ ነበር፤ እሷን በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል የምታደርሳት ያቺው መኪና ናትና።

መኪናዋን ወንድማማቾቹ በጋራ ገዝተው ቀን ታላቁ፣ አመሻሽ ላይ ታናሹ ታክሲ ይሠሩባት ነበር። ታናሹ ስልክ ላይ ያየውን ሁሉ ያምናል። አንዱ "ባትሪ ከሰማንያ ፐርሰንት በላይ ከሞላ ይጎዳል" ሲል ሰምቶ፣ ሰማንያ በደረሰች ቁጥር ይነቅላት ጀመር። ሰውዬው ያወራው ስለ ሌላ ዓይነት ባትሪ ነው። የእነሱ ባትሪ አልፎ አልፎ እስከ ጫፍ ካልሞላ፣ በውስጡ የተደረደሩት ሴሎች ይበላለጣሉ፤ አንዱ ይጠግባል፣ አንዱ ይራባል። መኪናዋም ስንት እንደቀራት ራሷ አታውቅም።

ይህን የተረዱት ድልድይ ላይ ነው። ታላቁ ወደ እጥበት እየወሰዳት ሳለ፣ ሃያ አራት ትል የነበረችው መኪና ድንገት ዜሮ አለችና ቀጥ አለች። ከኋላ የመኪና ጡሩምባ አገር ምድሩን አናወጠው። ወንድሟ መሪውን በቡጢ ነረተው።

"አንተ ሰውዬ፣ ውረድና ግፋት እንጂ! አህያ መሰለችህ እንዴ የምትደበድባት?" አለው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር።

"አህያማ ብትሆን ደርሰን ነበር!"

ሆስፒታል ሲደርሱ ማሽኑ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ እያጠራት እስከ ማግስቱ ጠበቀች። ያን ዕለት ቤት ውስጥ የተጮኸው ጩኸት ጣሪያ ያነሳ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ለባትሪው አዝኜ ነው" አለ ታናሹ።

"ለባትሪው! ለእህትህስ ማን ይዘን?"

"ሃያ አራት እያለች ብትቆም እኔ ምን ላድርግ? የዋሸችው እሷ!"

"ዋሽታ አይደለም፣ ነቅለህ ነቅለህ አደንዝዘሃት ነው! ዋናው ሥራ ያለው መቶ ካለች በኋላ ነው። የጠገበው ሴል ይጠብቃል፣ የተራበው ይደርስበታል። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የገመዷ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ማንም አይነካት!"

"ቅዳሜ እኮ ገበያዬ ነው!"

"ገበያህን ብላው!"

እህት ያን ጩኸት እያስታወሰች ወንበሮቹን አየች። ያ "ቁጣ አያውቅም" ባዩ ባልደረባው ጠዋት ወንድሟ ደረቱን እንደወጋው ነግሮት ነበር፤ ይህንንም ባልደረባው የነገራት አሁን፣ ካለቀ ከደቀቀ በኋላ ነው። "ንግግር ላይማ ጀግና ነህ፣ ስልክህን አንስተህ አትደውልልኝም ነበር?" ልትለው አፏ ደርሶ ተመለሰ። በወንድሟም ተናዳለች። ለዓለም ሲጮህ ኖሮ ስለ ደረቱ ለእሷ ዝም ማለቱ ምን ይባላል?

የዛሬውኑ ረፋድ ላይ ነው ወንድሟ መድኃኒቷ ማለቁን ያየው። ፋርማሲው ከቁልቁለቱ በታች ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

"በመኪናዋ ሂድ" አለችው።

"ሰኞ ለእጥበት ስንሄድ ድልድዩ ላይ መቆም አማረሽ? ገና አልጨረሰችም።"

"እንግዲያው ታክሲ ያዝ።"

"ባለታክሲ ታክሲ ሲሳፈር ሰው ምን ይለኛል?"

በእግሩ ወረደ፤ ዳገቱን በእግሩ ወጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። እያለከለከም ይቆጣ ነበር፤ ፋርማሲስቷ መጀመሪያ የሰጠችው ጊዜው ሊያልፍ የደረሰውን ነበር። "አስመለስኳታ! ሞኝሽን ፈልጊ አልኳት" አለ። ከኪሱ አውጥቶ፣ ማሸጊያውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቀኑን ጮክ ብሎ አነበበላት፤ መድኃኒቱንም እጇ ላይ አስቀመጠላት።