የተቆጠርኩት እኔ ነኝ

የኖራ ሽታ አልወድም። ሰሞኑን ጎረቤቴ ግድግዳውን ኖራ ሲቀባ በሬን ዘግቼ ዋልኩ። ሰውዬው ተቀይሞኛል፤ ይቀየም።

ጣሊያን መተማን በያዘ ጊዜ ጢሜ ገና ያጎነቆለ፣ የሰሊጥ ጆንያ ተሸካሚ ጎረምሳ ነበርኩ። ከተማዋ የሰው ቅይጥ ነበረች። ከደጋ የወረድን ክርስቲያኖች አለን፣ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተክሩሮች አሉ፣ ከሱዳን የመጡ ነጋዴ ጀላባዎች ገበያውን ይዘዋል፣ ጉሙዞች ከከተማው ወጣ ብለው ይኖራሉ። ጠቡም ጉርብትናውም ነበረን፤ ስንት እንደሆንን ግን የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ዙሪያችንን በሽቦ ካጠሩት በኋላ ነው። ያለ ወረቀት ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት መሻገር ቀረ፤ ወደ ደጋ መውጣትም ቀረ። በዚያ ሙቀት አንዱ የሌላውን ላብ እያሸተተ ከረምን።

አንድ ጠዋት ጣሊያኑ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ቤት ለቤት መጣ። ከኋላቸው አንድ ወታደር የኖራ ባልዲ ይዞ በተቆጠረው ቤት በር ላይ ቁጥር ይጽፋል። ከእኛ አጠገብ የሚኖሩትን ሽማግሌ ተክሩር አስተርጓሚው፣ "አገርህ የት ነው?" አላቸው።

"አያቴ ወደ መካ ሲሄዱ ምሳ ሊበሉ እዚህ አረፉ" አሉ ሽማግሌው። "ገና በልተን አልጨረስንም።"

አስተርጓሚው ሳቀ። ሹሙ ሲተረጎምለት አልሳቀም።

እኛ ቤት ሲደርሱ እናቴ ታናሽ እህቴን በጓሮ በኩል ውሃ ልካታለች። እናቴ ሦስት ልጆች ቀብራለች። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰው አይቆጠርም፤ ከብት እንኳ ስንት ነው ሲባል "እሱ ይጨምር" ተብሎ ይታለፋል። የተቆጠረ ይጎድላል። ልጅ የሞተባት እናትማ የምትሳሳለትን በአፏም አታነሳም።

"ስንት ልጅ አለሽ?"

"አንድ። ይኸው የቆመው።"

ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ለሞት ከሁለታችን አንዳችንን ስትሰጥ የሰጠችው እኔን ነው። ቀን ሙሉ ያ ጣት ደረቴ ላይ ነበር።

እህቴ ስትመለስ ነገርኳት። እንስራዋን እንኳ ሳታወርድ ሳቀች። "እንግዲህ የለሁማ፣ ወንድምዓለም። የሌለ ሰው እንጨት አይለቅም፤ አንተ ልቀም።" ብዙ ሰሞን በዚህ ስትቀልድብኝ ከረመች።

ኋላ እንግሊዝ ከገላባት በኩል ሊመታ ነው ተባለ። የተቆጠረ ሕዝብ ከድንበሩ ርቆ ወደ ኮኪት ይውጣ፣ መዝገብ ላይ የሌለ ከማዶ የገባ ሰላይ ነው ተባለ። ኬላው ላይ አስተርጓሚው የቤታችንን ቁጥር ፈልጎ አገኘ፤ ቀና ብሎ ሦስታችንን አየ።

"ይህቺስ?"

"ልጄ ናት ጌታዬ" አለች እናቴ።

"ልጄ አንድ ነው ብለሻል።"

"ፈርቼ ነው። ሰው አይቆጠርም ብዬ ነው።" ድምጿ ቀጠነ። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ እሱ ገፋችኝ። "እሱን አስቀሩትና እሷን ስጡኝ።"

"እሱማ ተቆጥሯል" አለ አስተርጓሚው። "እሱ ይለፍ።"

እህቴን ከሽቦው ሥር አስቀመጧት። እናቴም ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ተነሺ ቢሏት እንቢ አለች። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ሂድ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል? እኔ እንደሆነ የለሁም" አለች። እናቴ አላየችኝም። ነጠላዋን አውልቃ እሷን ከፀሐይ ትጋርድ ነበር። ከሩቅ ዞሬ ሳያቸው ከነጠላው ሥር አንድ ሰው ይመስሉ ነበር።

ኮኪት ሳንደርስ መድፉ ጀመረ። ጦርነቱ ሲያልቅ ተመልሼ ብፈልግ ያያቸው አልተገኘም።

ሰው ሲጠይቀኝ ወታደር በሰደፍ ገፍቶ አስወጣኝ እላለሁ። የገፋኝ የለም። የሚወጣው ሰው ብዙ፣ ጠባቂው ጥቂት ነበር፤ ዞሬ አጠገባቸው መቀመጥ እችል ነበር። ግን "እሱን አስቀሩት" ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ነበርና፣ እልኼን ይዤ ሄድኩ።