እማዬ ውሃ የገባች ዕለት

ታናሽ እህቴ ሜሮን ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሳጥን ይዛ ቤቴ መጣችና ሳሎኔ መሀል ከፈተችው፤ አዲስ የላስቲክ ቦት ጫማ ነበር። ባሏ እንግሊዝ አገር ሥራ አግኝቶ ከከተማ በራቀ የገጠር መንደር ቤት ተከራይተዋል፤ በሚቀጥለው ወር ኮሎምበስን ለቀው ይሄዳሉ። «እዚያ እኮ ሰው እሁድን በዝናብ ጭቃ ለጭቃ ሲዞር ነው አሉ የሚውለው፤ ፈረስ፣ ታንኳ፣ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ መዋኘት... አይ ሚን፣ እኔ ምን ልሆን ነው?» አለችኝ እየሳቀች። ልመልስላት አፌን ስከፍት የላስቲኩ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ሁለታችንም ልጆች ሆነን ያን ሽታ የለመድንበት የኒው አልባኒ ማዶ ቤት ፊቴ ላይ መጥቶ ቆመ።

ያኔ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ሜሮን ሰባት። በዲቪ መጥተን ኮሎምበስ ውስጥ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር፤ አባዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ኒው አልባኒ አንድ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ ይሠራል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በበረዶ ላይ መንዳቱ አንገሸገሸውና ማንንም ሳያማክር ከሥራው ወዲያ፣ በበቆሎ እርሻ መሀል ያለ አንድ ነጭ ቤት ተከራየ። የገባን ዕለት ማታ የመንገድ መብራት የሚባል እንደሌለ ስናይ እማዬ መጋረጃውን ሁሉ ዘጋግታ «አውሬ ይኖር ይሆን?» አለች። ከዚያ በኋላ ለወራት ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቤት ካልሆነ ደጅ ስትወጣ አላየናትም፤ እኛም እናታችን ከቤት ውጭ ያለ ነገር ሁሉ የሚያስፈራት ሴት ናት ብለን ደመደምን።

ከቤታችን ጀርባ ኩሬ ነበር፣ ከኩሬው ማዶ ደግሞ ማርጋሬት። እንግሊዝ ገጠር ተወልዳ ያደገች፣ አሜሪካዊ ገበሬ አግብታ የመጣች፣ ባሏ ሞቶባት ከውሻዋና ከአንድ አሮጌ ፈረስ ጋር የምትኖር፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። እማዬ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም ብላ «እትዬ ማርጋሬት» እንድንላት አዘዘችን፤ እሷ ግን የቁልምጫ ስም ያወጣንላት መስሏት በጣም ደስ አላት፣ ኋላም ፖስታ ለሚያመጣው ሰውዬ ሳይቀር ራሷን «እትዬ» ብላ ማስተዋወቅ ጀመረች። ለእትዬ ማርጋሬት እሁድ ቤት መዋል በሽታ ነው። ዝናብ ሲጀምር እኛ ስንገባ እሷ ቦቷን አጥልቃ ትወጣለች፣ በራችንን ታንኳኳና እኔንና ሜሮንን ይዛ በአጥር እያሻገረች፣ በጭቃ እያስሮጠች፣ በፈረሱ ላይ በየተራ እያወጣች ታውለን ነበር።

የአባዬ ድንጋጤ የጀመረው በዓሣው ነው። አንድ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ዝም ብላ ተቀምጣ ክንድ የሚያህል ዓሣ አወጣች፤ አባዬ እንኳን ደስ ያለሽ ሊል ሲጠጋ መንጠቆውን ቀስ አድርጋ ነቀለችለትና ወደ ውሃው መለሰችው። አባዬ ለወዳጆቹ ሁሉ ኮል እያደረገ «መለሰችው እኮ! በማርያም፣ እያየሁ!» ሲል ሰነበተ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ገና ብርዱ ሳይወጣ በዋና ልብስ ኩሬው ውስጥ ስትገባ ያየናት ጠዋት ነው። እማዬ «ውይ በሞትኩት፣ በዚህ ዕድሜ!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እኛ ስንስቅባት ዋልን። እማዬ ግን የወጥ ቤቱን መስኮት ትታ አልሄደችም፤ ሴትየዋ ከውሃው እስክትወጣ ድረስ እዚያው ቆማ አየቻት።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እሁድ፣ አባዬ ኩሬው ዳር ሥጋ እየጠበሰ፣ እማዬ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣ፣ እትዬ ማርጋሬት ሜሮንን በትንሿ የእንጨት ጀልባዋ ልታንሸራሽር ይዛት ገባች። ለሜሮን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አጥብቃ አሰረችላት፣ ለራሷ ግን ጃኬት አላደረገችም። ኩሬው መሀል ሲደርሱ አብሯቸው የገባው ውሻዋ ዳክዬ አይቶ ዘለለ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች።

ሜሮን ወዲያው ብቅ ብላ መጮህ ጀመረች። እትዬ ማርጋሬት አልወጣችም።

አባዬ ዋና አያውቅም። የሥጋ መቆንጠጫውን እንደያዘ እስከ ጉልበቱ ገብቶ «ማርያም ድረሽ! ማርያም ድረሽ!» ይላል፤ እኔ እግሬ ከመሬቱ ጋር ተሰፍቶ ቀርቷል። በዚህ መሀል በአጠገቤ የሆነ ነገር አለፈ። ጋቢው መሬት ላይ ነው፣ ጫማዎቹ መሬት ላይ ናቸው፣ እማዬ ውሃው ውስጥ ናት። እጆቿ ውሃውን እየቀዘፉ፣ ረጅም ቀሚሷ ከኋላዋ እየተንሳፈፈ፣ አንድም ሳትረበሽ፣ በገዛ ቤቷ ኮሪደር እንደሚሄድ ሰው ትሄዳለች። ሜሮን ጋ ስትደርስ አልያዘቻትም፤ መንሳፈፏን አየችና «እግርሽን አንቀሳቅሺ፣ ወደ አባትሽ!» አለቻትና ወደ ታች ጠለቀች። ውሃው በላይዋ ተዘጋ።

ስትወጣ የእትዬ ማርጋሬትን አገጭ በክንዷ አቅፋ፣ በጀርባዋ እየዋኘች ነበር። የጀልባዋ ጠርዝ ግንባሯን መትቷት ራሷን ስታ ነበር ለካ፤ ዳር ላይ ስናስተኛት ሳለች፣ ውሃ ተፋች፣ ዓይኗን ገለጠች። አባዬ ያወጣት ሜሮን ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ማም ካን ስዊም? ማም ካን ስዊም?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም።

አባዬ ሚስቱን በእንግድነት የመጣች ሰው ይመስል አያት።

«አንቺ... ዋና ትችያለሽ?»

«አዎ።»

«የት ተማርሽ?»

«ዝዋይ ነዋ፤ ሐይቁ ዳር አይደል ያደግሁት?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀሚሷን እየጨመቀች ነበር። ሳትቆጣ፣ ቀና ብላም ሳታየው «ማን ጠየቀኝ?» አለች።

አባዬ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ዝዋይን እኮ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ የላከው እዚያ ነው፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ቤቷ ነው ያመጣት። ሥጋው ሲያርር ማንም አላነሳውም።

የዚያን ሰመር እናቴን እስከ ዛሬ ሳስባት ትገርመኛለች። በየጠዋቱ ከእትዬ ማርጋሬት ጋር ይዋኛሉ፤ አንዷ ነጭ ቆብ፣ አንዷ የታሰረ ሻሽ፣ ሁለት ጭንቅላት ውሃ ላይ ጎን ለጎን ሆነው በአንዷ አማርኛና በሌላዋ እንግሊዝኛ ምን እንደሚያወሩ እግዜር ይወቅ፣ ብቻ ሳቃቸው ቤት ድረስ ይሰማል። አባዬ ፎጣ ይዞ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔንና ሜሮንን ዋና ያስተማረችን እማዬ ናት፤ ሆዳችንን በመዳፏ ደግፋ «ውሃውን አትጣዪው፣ ይሸከምሻል» ትለን ነበር።

በዓመቱ የቤቱ ባለቤት መሬቱን ሸጠውና ወደ ፎረስት ፓርክ ተመለስን። እማዬን አንድ ጊዜ ብቻ የሕዝብ መዋኛ ወሰድናት፤ ዓይኗ ደም መስሎ ወጣችና «ይሄ መድኃኒት እንጂ ውሃ አይደለም» ብላ ዳግመኛ አልሄደችም። እትዬ ማርጋሬት ሞተች። ኩሬው ተደፍኖ ዛሬ ቦታው የዌርሃውስ ፓርኪንግ ነው፤ በዚያ ሳልፍ የጭነት መኪኖቹን እያየሁ እማዬ የጠለቀችው በየትኛው ሥር እንደሆነ ለመገመት እሞክራለሁ፣ አይሆንልኝም።

እማዬ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ለቅሶው ላይ፣ ከሲንሲናቲ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ አብሮ አደጌ ነበረች እያሉ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ቆዩና ስለ ዝዋይ ማውራት ጀመሩ። ወንዶቹን በዋና ትቀድም እንደነበር ሲናገሩ እኔና ሜሮን ይህንንስ እናውቃለን ብለን ተያየን። ሴትየዋ ግን ቀጠሉ፤ «ማታ ማታ ደግሞ ጀልባ ላይ ቆማ ስትዘፍን! ዓሣ አጥማጆቹ መቅዘፊያቸውን አስቀምጠው ነበር የሚያዳምጧት።»

ፍራሹ ላይ የተቀመጠው አባዬ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ትዘፍን ነበር?» አላቸው።

ሴትየዋ ደንግጠው አንድ በአንድ አዩን። «እናንተ አታውቁም እንዴ?»

በቤታችን በኖረችበት ዘመን ሁሉ፣ ሳህን ስታጥብ እንኳ፣ እማዬ ስታንጎራጉር ሰምተናት አናውቅም።