ከባሕር ማዶ የታየው ኮት

ወንድሜ ቁልፍ ሲተክል እጁን አያይም። መርፌው በአራቱ ቀዳዳ ይገባል፣ ይወጣል፤ ክሩ ሥሩ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፤ በጥርሱ ይበጥሰዋል። ዓይኑ ግን ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለው አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ አይነሳም። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ነገር የለም። ነጭና ጥቁር ነጥብ ብቻ፣ ወንፊት ላይ እንደሚንቀጠቀጥ ዱቄት። ድምፁን ቀንሶ ጠዋቱን ሙሉ እንዲህ ይቀመጣል፤ ከዚያ ዱቄት ውስጥ ሰው ይወጣል ብሎ።

አንዳንዴም ይወጣል።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። የሚኖረውም የሚሠራውም ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ እኔ ታላቅ እህቱ ደግሞ በዚያው ፎቅ፣ በኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ እኖራለሁ። እንጀራው ልብስ ይሁን እንጂ ነፍሱ ያለችው ከሩቅ አገር ተዳክሞ በሚመጣ የቴሌቪዥን ስርጭት ላይ ነው። በሙቀቱ ወራት፣ ረፋዱ ላይ፣ አልፎ አልፎ ሰማዩ እንደ መስታወት ይሆናል ይላል። ወደ ላይ የተላከው ምስል እዚያ ነጥሮ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ፣ ሲበዛ አምስት ደቂቃ ይቆይና ተመልሶ ዱቄት ይሆናል። እርሱ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ያየውንም ነገር በደብተር ይጽፍና ለጣቢያው ደብዳቤ ይልካል። የጻፈው በዚያ ሰዓት ካሰራጩት ጋር ከተስማማ፣ አዎ፣ ያየኸው እኛን ነው የሚል ካርድ ይልኩለታል። ይኸው ነው። ሌላ ሽልማት የለውም።

ዳቦ ጋጋሪው ይህን የሰማ ዕለት፣ በቤቱ ጠግቦ እያለ የሰው ደጅ የሚቀላውጥ ሰው ገና አሁን አየሁ አለ። ከዚያ ወዲህ የወንድሜ ስም ቀላዋጩ ሆኖ ቀረ። እርሱም አልከፋውም። ቀላዋጭ እንኳ የሚመራው ሽታ አለው፣ እኔ ያንንም አላገኘሁ ብሎ ነው የመለሰለት።

የጀመረው ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ቤቱ ጭር ሲልበት፣ የአገራችን ጣቢያ ሥራ ሳይጀምር ቴሌቪዥኑን ሽሽ የሚለውን ድምፅ ለመስማት ብቻ ይከፍተው ነበር። አንድ ጠዋት እየሮጠ መጣና፣ አንዲት ሴት ከነጥቡ ውስጥ ወጥታ አነጋገረችኝ፣ ድምፅ ግን የላትም አለኝ። ሐዘኑ ራሱ ላይ ወጣ ብዬ በልቤ አለቀስኩ። ሐኪም ዘንድ ልውሰድህ ሁሉ ብዬው ነበር። ያመንኩት ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ካርድ ሲመጣ ነው። ሴትዮዋ በሰው አገር የአየር ጠባይ የምትናገር ኖራለች።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ካርድ መጣለት። ከካውያው ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ በስፒል ተርታ ሰክቷቸዋል፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በሜትር ለክቶ። ከተርታው መጨረሻ የአንድ ካርድ ቦታ ባዶ ትቷል። እርሱም ከባሕር ማዶ ባለች የወደብ ከተማ ለሚገኝ አንድ ትንሽ ጣቢያ ነው። ሚስቱ የተወለደችው እዚያ ነበር። አንድ ቀን እወስድሻለሁ ሲላት ኖሮ ሳይወስዳት ሞተች። ሃያ ዓመት ያንን ጣቢያ ጠበቀ። በመጨረሻ ጣቢያው አሮጌውን ማሰራጫ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያፈርሰው ተሰማ። አንድ የሙቀት ወቅት ብቻ ቀረው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ። የወንድሜ ዓይን የልብስ ሰፊ ዓይን ነው። ሰውን የሚያውቀው በትከሻውና በእጅጌው ርዝመት እንጂ በፊቱ አይደለም። ፖስተኛው አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱን ኮት አውልቆ በሹራብ ቢመጣ፣ ስንት ዓመት ደብዳቤ ያመጣለትን ሰው፣ ማንን ፈልገህ ነው አለው። ፖስተኛው እስከ ዛሬ ያነሳበታል። እኔም አብሬ ስቄ ነበር። ኋላ ግን የሚስቱን ፊት ያስታውስ ይሆን የሚል ሐሳብ ገባኝና ጠየቅኩት። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ከዚያ የሙሽርነት ቀሚሷን የወገብ ልክ በሴንቲሜትር ነገረኝ።

ጣቢያዎቹንም የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። ፊት ይደበዝዛል፣ ልብስ አይዋሽም ይላል።

አንቴናውን የሠራው አንዲት ደንበኛ ትታው ከሄደችው የመጋረጃ ዘንግ ነው። ጣራው ላይ ተተክሎ በገመድ ይዞራል፤ ገመዱ በመስኮት ገብቶ በሩ አጠገብ ያበቃል። ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ። እርሱ ዓይኑን ከነጥቡ ካነሳ ያመልጠዋል።

በዚያው የመጨረሻ የሙቀት ወቅት፣ አንዱ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ዱቄቱ መጠቅለል ጀመረ።

‹‹እትዬ፣ እንዳትነቃነቂ›› አለኝ በሹክሹክታ፣ የሚሰማው ሰው ያለ ይመስል።

ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ቆምኩ። በትከሻው በኩል አየሁ። ጥግ ላይ መልሕቅ አለ፤ የዚያ የወደብ ከተማ ጣቢያ ምልክት ነው። በመካከል ኮት የለበሰ ሰው ቆሞ ያወራል። ወንድሜ መርፌው በእጁ እንዳለ እየጻፈ ይናገር ነበር፤ ኮሌታው ሰፊ፣ ቁልፉ ስድስት፣ ሁለት ረድፍ፣ ስፌቱ የድሮ። አራት ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ሄደ።

እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሰውየው ሁለት ነበር። አንዱ ደመቅ ያለ፣ ሌላው ከጎኑ እንደ ጥላ፤ ሁለት አፍንጫ፣ አንድ ትርፍ ጆሮ ነበረው። ልናገር ከጀልኩና ዋጥኩት። በልብስ ነገር በልብስ ሰፊ ፊት አፍ መክፈት ነውር መሰለኝ። ደግሞ እንዲያ ደስ ብሎት ከሃያ ዓመት ወዲህ አላየሁትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ገለበጠው። ከሥሩ ኮቱን ለቅድ እንደሚያዘጋጅ አድርጎ ሣለና ስድስቱንም ቁልፍ በየቦታቸው አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ፖስተኛው በሚያልፍበት ሰዓት ደረጃው ላይ መቀመጥ ልማዱ ሆነ። ፖስተኛውም ከሩቁ ኮቱን ከፍ አድርጎ ያሳየውና፣ እኔ ነኝ፣ ዛሬም ባዶ እጄን ነኝ ይለው ነበር።

መልሱ በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ወንድሜ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ጠረጴዛው ላይ ተወውና ወደ መኪናው ዞረ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን ይላል። በተጠቀሰው ሰዓት ባልደረባችን የለበሰው አንድ ረድፍ፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ኮት ስለነበር ያዩት ሌላ ጣቢያ ሳይሆን አይቀርም ይላል። አንድ ረድፍ የሚለው ላይ ጣቴ ቆመ።

ሦስት ቁልፍ፣ ከነጥላው ስድስት።

ያን ጊዜ ነገርኩት። ሰውየው ሁለት ነበር፣ ቁልፉም የበዛው ለዚያ ነው አልኩት። መኪናውን አቆመ።

‹‹ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?››

‹‹ልብስ ሰፊው አንተ ነህ ብዬ።››

ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣ።

‹‹እኔ ደግሞ ቁልፉን ስቆጥር ፊቱን አላየሁትም›› አለ። ‹‹ሁልጊዜም እንዲሁ ነኝ።››

ስለ ቴሌቪዥኑ ሰውዬ ብቻ የተናገረ አልመሰለኝም።

ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ደካማ ስርጭት በሁለት መንገድ ሲመጣ ምስሉ አንዳንዴ ጥላ እንደሚያበጅ፣ ይህንንም ገና ድሮ ማወቅ ሲገባው በሙያው ተማምኖ እንደተሳሳተ ሳይደብቅ አስረዳ። በዓመቱ መጨረሻ ያው ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ። ተቀባዩ አድራሻ ለውጧል የሚል ማኅተም አለበት። ማሰራጫውም ፈረሰ። ሌሎቹም ጣቢያዎች አንድ በአንድ ዲጂታል ወደሚሉት አዲስ አሠራር ዞሩ፤ በአዲሱ ደግሞ ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ጨርሶ የለም። ከዱቄት ውስጥ የሚወጣ ሰው የለም።

ወንድሜ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያችን አሮጌ ቴሌቪዥን ይከፍታል። እኔም ጉልበቴ እያመመኝ በኮሪደሩ ሄጄ ገመዱን እይዝለታለሁ። ወዴት ላዙረው ብዬ ብጠይቀው፣ እንደነበረ ተይው ይለኛል። ግድግዳው ላይ ያ ባዶ ቦታ እንዳለ ነው። ስፒሉን ሰክቶበታል።

ይህን የጻፍኩት እርሱ ሳያውቅ ነው። ባሕር ተሻግራችሁ የኖራችሁ፣ በዚያ መልሕቅ ባለው ጣቢያ የሠራችሁ ትኖሩ ይሆናል። ያ ኮት የለበሰው ሰው አጎታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ይሆናል። ራስህ ከሆንክ ደግሞ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ኮቱ አሁንም ካለህ ከቁም ሣጥን አውጣው፤ ቁልፎቹን ቁጠርና፣ አዎ፣ ያየኸው እኔን ነው ብለህ በቁራጭ ወረቀት ጻፍለት። ማኅተም አያስፈልግም። ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ለልብስ ሰፊው በልና ላክ፤ ፖስተኛው ያውቀዋል። ፎቶግራፍ ካለህም ጨምርበት። ፊትህ በደንብ የሚታይበት ይሁን።