ጋሽ ባሳ ያልገባበት ቤት

ባለፈው ዓመት ትልቋ ልጄ የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታን፣ ከእኛ ጋር ለማሳለፍ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የሴራሚክ ቢላ መሳያ ይዛልኝ መጣች። ነጭ፣ ልሙጥ፣ ከልብስ ሳሙና የማይበልጥ ድንጋይ ነው። አጠቃቀሙን በሥዕል የሚያሳይ ወረቀት አብሮት ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን ሳልገልጥ ድንጋዩን ውሃ አስነካሁት፤ የቢላውን ጀርባ ሁለት የክብሪት እንጨት የሚያሾልክ ያህል ብቻ ቀና አድርጌም ከእጀታው ወደ ጫፉ እየሳብኩ መሳል ጀመርኩ። ልጄ ቆማ ስታየኝ ቆየችና የት እንደተማርኩት ጠየቀችኝ። ልጅ እያለሁ አንድ ጎረቤታችን አሳይቶኝ ነው አልኳትና ወሬ ቀየርኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ስንት ልጅ ያስተማርኩ ሴት፣ የሰውየውን ስም መጥራት አቃተኝ።

ስሙ ባሳ ነበር። ዛሬ ጋሽ ባሳ ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እንደዚያ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ከአባቴ በዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ግን "አንተ ባሳ" ስንለው የሚቆጣን የለም። ብረት ቀጥቃጭ ነው። እንደ እሱ ላሉት ሙያተኞች በእኛ አገር የወጣላቸው ስም አለ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ማረሻችንን፣ መቆፈሪያችንን፣ ቢላችንን የሚሠሩልን እነሱ ነበሩ። ከእኛ ጋር ግን አንድ ገበታ ላይ አይቀርቡም፤ ደጃፋችንን አልፈው ወደ ቤት አይገቡም። ቁጭ አድርጎ ይህን ያስተማረኝ ሰው አላስታውስም። ግን አውቀው ነበር፤ ምድጃ ላይ እጅ እንደማይዘረጋ በማውቅበት አኳኋን አውቀው ነበር።

አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ቃል ያካፍላል። ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ድምፁ የሚሰማ፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው፤ ቢላ መሳል ግን አይሆንለትም። አንድ ጊዜ ሞክሮ አውራ ጣቱን ስለቆረጠ እናቴ ዳግመኛ አላስነካችውም። ስለዚህ በየዓመቱ ጊፋታ ሲደርስ ባሳ ድንጋዮቹን በጆንያ ቋጥሮ ይመጣል። የሰፈሩ ቢላ ሁሉ እኛ ግቢ ይሰበሰብና አቮካዶው ሥር ግንድ ላይ ተቀምጦ ሲስል ይውላል። ወላይታ ተወልዶ ያደገ ሰው የጊፋታን ቢላ ነገር ያውቀዋል። ለጥሬ ሥጋ የዶለዶመ ቢላ ያቀረበ አባወራ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ይቀለድበታል።

ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ የጊፋታ ዋዜማ፣ ጠዋት ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር። የዳሞታ ተራራ ራሱን በደመና ሸፍኗል። የግቢያችን ቀይ ጭቃ ጫማ ይነቅላል። ከየቤቱ የሚወቀጠው ዳጣ፣ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ፣ አፍንጫን እየሰነፈጠ ያስነጥሳል። አባቴ ከገሱባ የመጣው ሰንጋ ወደሚታረድበት ጎረቤት ሄዷል፤ እናቴ ገበያ ናት። እኔ ከባሳ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ በጣሳ ውሃ አፈስለት ነበር። ሴት ልጁ ዘነበች ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። በሒሳብ ከእኔ ትበልጣለች፤ ሳይገባኝ ሲቀር ደብተሯን ወደ እኔ ገፋ ታደርግልኛለች። ስለ እሷ እያወራሁለት ይስቅ ነበር።

ሻካራውን ድንጋይ ጨርሶ ወደ ልሙጡ ሲዛወር አንዷን ትንሽ ቢላ ሰጠኝ። እጄን ይዞ ሳይሆን የራሱን እጅ እያሳየ ነው ያስተማረኝ፤ ዛሬ ሳስበው እጄን ላለመንካት ይጠነቀቅ ነበር። የክብሪት እንጨቱን መለኪያ የነገረኝ ያኔ ነው። ከዚያ ጆሮዬን እንድሰጥ አዘዘኝ፦ "ሲያፏጭ ከሰማሽ ልክ ነሽ። ሲንኳኳ ከሰማሽ እጅሽ ተሳስቷል፤ ቀስ በይ።" እንደምንም አፏጨልኝ። በሕይወቴ ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ የኮራሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

የእናቴን ትልቁን የሥጋ ቢላ ሲያነሣ የመጨረሻው ስለት የሚወጣው ሸክላ ላይ ነው አለኝ። ጆሮው የተሰበረ ስኒ ካለን፣ ቂጡ ላይ ቀለም ያልነካው ሻካራ ክብ አለው፣ እሱ ይበቃል አለ። የተሰበረ ስኒ ከምድጃው አጠገብ ነበረን፤ የት እንዳለም አውቃለሁ። እኔ ግን ከእሱ የተሻለ እንዳለን ላሳየው ፈለግሁ። ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ ወደ ሳሎን ገባሁ፤ እናቴ የብፌውን ቁልፍ የምትደብቅበትን ማንቆርቆሪያ ከፈትኩና ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ስድስት ነጫጭ ሳህኖች አንዱን አወጣሁ።

ሲያየው ደነገጠ። "ይኼን አይደለም ልጄ፣ መልሺው" አለኝ። አልመልስም ብዬ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ትንሽ አመነታና በጣሳዬ ውሃ እጁን ታጠበ፤ በሸሚዙ ጠረገ፤ ሳህኑን ገልብጦ ያዘው። በሥሩ ሻካራ ክብ ላይ ቢላውን አሥር ጊዜ ያህል በቀስታ አስኬደው። ከዚያ የኮባ ቅጠል ወደ ላይ አንጠልጥሎ ቢላውን ዝም ብሎ አስነካው። ቅጠሉ ድምፅ ሳያሰማ ሁለት ሆነ። ሁለታችንም ሳቅን።

እናቴ የግቢውን በር ስትከፍት ገና እየሳቅን ነበር። ሁለት ጎረቤቶቿ ዘንቢላቸውን ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል። እናቴ ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምፅዋ ነው ዝቅ የሚለው። ሳህኑን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች፤ በወላይትኛ፣ ጎረቤቶቿ እንኳ በቅጡ በማይሰሙት ድምፅ፣ ማን እንዳወጣው ጠየቀችኝ።

"ባሳ ነው" አልኩ። ያን ብቻ ብዬ ባቆም ምናልባት ይሻል ነበር። ፍርሃቴ ግን የበለጠ አስጨመረኝ፦ "ቤት ገብቶ፣ ብፌውን ከፍቶ አወጣው።"

ባሳ ወደ እኔ ዞረ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አለመኖሩን ነው። ውሸቷን ነው ሊል ይችል ነበር። ሳህኑን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ሣሩ ላይ አስቀመጠና ተነሣ። "አዎ እመቤት፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ።

አባቴ በዚህ መሐል ደረሰ። እናቴ ነገረችው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ሳሎኑ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ባሳ ሳይዞር "ለዛሬ ይበቃል፤ ሂድ" አለው። ባሳ ድንጋዮቹን ጆንያው ውስጥ መለሰ። ገና ያልተሳሉ ቢላዎች ግንዱ ላይ ተደርድረው ቀሩ። ሌላ ዓመት ቢሆን ድርሻውን ሥጋ በኮባ ጠቅልለን በር ላይ እንሰጠው ነበር፤ ያን ቀን ባዶ እጁን ሄደ። እናቴ ሳህኑን እንድጥለው አዘዘችኝና ከጓሮ እንሰቱ መሐል ወረወርኩት። አልመታችኝም። በማግስቱ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ በጌታ ፊት ሰው ሁሉ አንድ እንደሆነ አስተማረ። እነ ባሳ ማንም ሳያዛቸው ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ሆነው ሰሙት።

ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። "ሳህን አወጣ" የተባለው "ብፌ ከፈተ" ሆነ፤ "ብፌ ከፈተ" የተባለው "ባለቤቶቹ ሳይኖሩ ቤት ይገባል" ሆነ። በሰፈሩ ቢላ የሚሰጠው ሰው ጠፋ፤ ማረሻ የሚያሠራውም ወደ ሌላ ቀጥቃጭ ሄደ። ዘነበች ክፍል ውስጥ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ኋላ ዴስክ ተዛወረች። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ አልሰደበችኝም። በሒሳብ ሰዓት ዞር ብዬ ሳያት ደብተሯ ላይ ታቀረቅራለች። ኅዳር ላይ መቀመጫዋ ባዶ ሆነ። ዘመድ ወዳላቸው ወደ ሁምቦ ቆላ ወረዱ ተባለ። እናቴ አንድ ቀን ልብስ እያጠበች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ አሁን ደህና ስለት የሚያወጣ ሰው ጠፋ አለች። ያኔ እንኳ አልተናገርኩም።

የተናገርኩት እናቴ ከሞተች በኋላ፣ አባቴ አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት ነው። ሾርባ እያጠጣሁት ድንገት ከአፌ ወጣ። ሳህኑን እኔ እንዳወጣሁት፣ እንደዋሸሁ ነገርኩት። አባቴ ማንኪያውን በእጁ መለስ አደረገና "አውቃለሁ" አለኝ። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ የባሳ ኮንጎ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር፤ የሳሎናችን ሲሚንቶ ግን ጠዋት እንደተወለወለ ንጹሕ ነበር። አባቴ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየው ያንን ንጹሕ ወለል ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። "ጎረቤት ቆሞ ነበር። ለአንድ ባሳ ብዬ ልጄን በሰው ፊት ውሸታም ላሰኛት?" አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የምወደው አባቴ ነው። "ለአንድ ባሳ" ያላትን ቃል ግን ከጆሮዬ ላወጣት አልቻልኩም።

ልጄ ወደ አዲስ አበባ በተመለሰች በሳምንቱ ወደ ሁምቦ ወረድኩ። አጠያይቄ ዘነበችን አገኘኋት። ጋሽ ባሳ ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። እሷ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ቆላ ከወረዱ በኋላ ትምህርት ለዓመታት አቋርጣ፣ ልጆች ከወለደች በኋላ በማታ ነው አሥረኛ ክፍል የጨረሰችው። እኔ መምህር ሆኛለሁ፤ የማስተምረውም ሒሳብ ነው። ስሜን ሳልነግራት ለየችኝና ቤቷ ወሰደችኝ። እንደተቀመጥኩ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"አባቴ ነግሮናል" አለች። "ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው፤ እናቷ እንዳትመታት ብዬ ነው ይል ነበር። አንድ ቀን ክፉ አላወራብሽም።" ከዚያ ጨመረች፦ "እኔ ግን አባቴ አይደለሁም።"

ይቅርታ አድርጊልኝ ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ የመጣሁት ለእሷ ሳይሆን እኔ እንዲቀለኝ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እሷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከዳጣ ጋር በአንድ ትሪ አቅርባ መሐላችን አስቀመጠችና "ብዪ" አለችኝ።

ከተማችን ተለውጧል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ተለውጧል። ዛሬ ሶዶ ሥጋ ቤት ገብቶ ከማን ጋር አንድ ትሪ እንደቀረበ የሚጠይቅ የለም። ልጆቼ ያንን ስም ቢሰሙ ትርጉሙን አያውቁትም፤ እኔም አልነግራቸውም። በልጅነቴ ጊዜ ጊፋታ ጣፋጭ ነበር፤ የዳጣው ሽታ፣ የሰፈሩ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል። ግን ያ ሁሉ ደስታ ማንን በር ላይ አቁሞ እንደነበር ካሰብኩ ወዲህ እንደ ሌላው ሰው "ደጉ ዘመን" ማለት አልሆንልኝ ብሏል።

ዘነበች ምግቡን አቅርባ ስታበቃ እሷ አልጀመረችም። ፊቴንም አላየችም። የምታየው እጄን ነበር። ቦዬውን እስክቆርስ፣ ዳጣው ውስጥ ነክሬ እስክጎርስና እስክውጥ ድረስ ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሣችም። ከዚያ በኋላ ነው እጇን ዘርግታ መብላት የጀመረችው።