አስራ አንደኛው በር

ፀሐይ ያጋለው ብረትና የተላጠ ቀለም አንድ ላይ ምን ዓይነት ሽታ እንዳላቸው ረስቼው ነበር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ ምሳዋን በልታ ጋደም ስትል፣ ከዚህ ሽታ ጋር እራመዳለሁ። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ ስልክ ስለምጠግን ወገቤ አልቀና ቢለኝ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ በቀን ግማሽ ሰዓት እንድራመድ አዘዘኝ፤ ሱቄ የሚዘጋው በዚህ ሰዓት ስለሆነ ሌላ ምርጫ የለኝም። ትናንት ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ወጥቼ ወደ ተወለድኩበት መንገድ ስታጠፍ፣ እጄ ሳላዘው ከኪሴ ቁልፍ አውጥቶ የመጀመሪያውን የብረት በር አንድ ጊዜ መታው። ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁ፤ ሲጠፋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ያኔ በመንገዳችን ቀኝ አስራ አንድ የብረት በሮች ነበሩ። መንገዱ ሲጀምር፣ ከአስራ አንዱ በፊት ባለው ቤት፣ ጋሽ ብርሃኑና ዓይናቸው የጠፋው ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ይኖሩ ነበር፤ የመጨረሻው አስራ አንደኛው በር ደግሞ ባለቤቱ ጠቅልሎ ከከተማው ውጭ መልካ ጀብዱ ከገባ ጀምሮ ከውጭ በሰንሰለት ታስሮ የተቆለፈ፣ ሰው የማይኖርበት ቤት በር ነበር። ጋሽ ብርሃኑ ዕድሜያቸውን የፉርጎ ጎማ በረጅም መዶሻ እየመቱ፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው በድምፁ እየለዩ የኖሩ የባቡር ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ስኳር ተገኘባቸውና እንዲራመዱ ታዘዙ፤ በዚያው ቀን ለእትዬ አልማዝ ከምሳ በኋላ የሚዋጥ የግፊት ክኒን ታዘዘላቸው። ሁለቱ ሰዎች ሁለቱን ትእዛዝ አንድ አደረጓቸው። እሳቸው ሰባት ሰዓት ላይ መዶሻቸውን ይዘው ወጥተው እያንዳንዱን በር አንድ አንድ ጊዜ ይመታሉ፤ እትዬ አልማዝ ክኒኑን መዳፋቸው ላይ አድርገው ከአልጋቸው ይቆጥራሉ፤ አስራ አንደኛው ሲሰማ ይውጣሉ። በዚያ ሰዓት ፀጥታ ብረት ሩቅ ይሰማ ነበር።

የአራተኛው በር ባለቤት እማማ ፋጡማ እንቅልፏ በተቋረጠ ቁጥር በመስኮት ብቅ ትላለች።

"አቦ ብርሃኑ! ሐኪሙ ተራመድ አለህ እንጂ ተጠበስ አለህ?"

"ሠላሳ ዓመት በሰባት ሰዓት ጎማ ስመታ ኖሬ፣ እግሬ ሌላ ሰዓት አያውቅም። ደግሞ ያንቺ በር ደህና ነው። የታመመው ሰባተኛው ነው።"

ሰባተኛው የእኛ ነበር። ከሥሩ ዝጎ ስለተሰነጠቀ ድምፁ እንደ ሳል ነው፤ ጋሽ ብርሃኑም እናቴን ባገኟት ቁጥር "ፉርጎ ቢሆን ኖሮ ከመስመር አስወጣው ነበር" ይሏታል። እኔ የቀትር እንቅልፍ አልወስድ ስለሚለኝ፣ እናቴ በዚያ ሰዓት ደጅ የሚዞረው የቀትር ጋኔን ብቻ ነው ብላ ታስፈራራኝ ነበር፤ መዶሻው ስድስተኛው በር ሲደርስ ጋኔን አለመሆኑን እያወቅሁም አንሶላዬን እስከ ዓይኔ እስብ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ብርሃኑ በተኙበት አልነቁም።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት እናቴ የእትዬ አልማዝን አልጋ ስታነጥፍ ከትራሱ ሥር አምስት ክኒኖች አገኘች። ለእማማ ፋጡማ በራችን ላይ ቆማ ስትነግራት ሰማሁ።

"አልዋጥም አለች። አስራ አንድ ሳልሰማ እንዴት ብዬ ትላለች።"

"ወላሂ፣ ልትከተለው ነው" አለች እማማ ፋጡማ። ከዚያ የጎረቤቱን በር ልታንኳኳ ሄደች።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው በር ጮኸ።

ተነስቼ በመስኮቱ ክፍተት አየሁ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ ጥላ እንኳን አልነበረም፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለነበረች ግድግዳዎቹ ጥላቸውን ከእግራቸው ሥር ደብቀውታል። ሁለተኛው በር ጮኸ፤ ሦስተኛው፤ እንደ ድስት ክዳን የሚጮኸው የእማማ ፋጡማ በር፤ እርምጃ የሌለው፣ አካል የሌለው ድምፅ በባዶው መንገድ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ስድስተኛው ሲጮህ ወደ እናቴ ክፍል ሮጥኩ፤ አልጋዋ ባዶ ነው። በሩ ጋ አየኋት፤ ባዶ እግሯን፣ የቡና መውቀጫውን ዘነዘና ይዛ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆማለች። በራችንን ከውስጥ አንድ ጊዜ መታችው። በሩ ሳለ። ስምንተኛው መለሰ፤ ዘጠነኛው፤ አስረኛው።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ አስራ አንደኛው ጮኸ።

"አስራ አንደኛውን ማን መታው?" አልኳት።

እናቴ ዘነዘናውን አስቀመጠች። "ሂድ፣ እጅህን ታጠብ" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሮጬ ሄጄ አየሁት። ሰንሰለቱ እንደታሰረ ነው፤ ጓጉንቸሩ ላይ ያለው አቧራ አልተነካም።

እትዬ አልማዝ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። አንድም ቀን ማን እንደሚመታ አልጠየቁም። አንዴ እናቴ የጣደችው ወጥ ሊገነፍልባት ሆኖ ብትዘገይ፣ ማታ ልትጠይቃቸው ስትገባ "ዛሬ ሰባተኛው ላይ ምን ገትሮት ነው? ወሬ ያዘ እንዴ?" አሏት። እናቴ እየሳቀች ወጣች፤ ቤት ስትደርስ ግን ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች።

ትናንት ቆጠርኩ። ከአስራ አንዱ የቀሩት ሦስት በሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው፣ የእማማ ፋጡማ፣ የእኛ። እማማ ፋጡማ የለችም፤ በሯ ላይ የማላውቀው ሰው የኪራይ ማስታወቂያ ለጥፏል። አስራ አንደኛው የነበረበት ቦታ ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ እርምጃዬን አንድ ሳያጎድል ይቆጥርልኛል፤ የሚያዳምጠኝ ሰው መኖር አለመኖሩን ግን አያውቅም። ሦስቱን መትቼ፣ ፎቁ ሥር ሄጄ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ተመለስኩ።

ዛሬም ከሰባተኛው በር ጀርባ የምትኖረው እናቴም የግፊት ክኒን ታዞላታል፤ ውጫለሁ አልዋጥኩም እያለች ታደክመኛለች። ትናንት ስገባ በሩ ሥር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ክኒኑ መዳፏ ላይ፣ የውሃው ብርጭቆ ጉልበቷ ላይ ነው።

"ሦስት ሰማሁ" አለችኝ። "አስራ አንደኛውስ?"

እጄን ልታጠብ አለፍኩ። ከቧንቧው ዞር ስል ጆሮዋን ወደ መንገዱ አዘንብላ ነበር። ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ የጠበቀችውን እንደሰማ ሰው ራሷን ነቀነቀችና ክኒኑን ዋጠችው።