ስምንት ዓመት ቀርቷል

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ልጄ ናት፤ ያኔ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ሁለተኛው ከደሴ ዙሪያ ሥራ ፍለጋ የመጣ የገበሬ ልጅ። ሦስተኛዋ እናቱ ናቸው፤ ሰኞ ገበያ ጎመን የሚሸጡ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምሁ አናጢ። ስማችንን ትቼዋለሁ፤ ጥፋቴን ግን አልተወውም።

በደርግ ጊዜ ሥራ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በመንግሥት ቢሮ ተመዝግቦ ካርድ ያወጣ ነበር። ፋብሪካ ሠራተኛ ሲፈልግ ከነዚያ ካርዶች ይመረጥለታል። ልጄ በክረምቱ ዕረፍት ደሴ ባለው ቢሮ ለሥራ ልምምድ ተመደበች። ሥራዋ ሰልፈኛውን እየጠየቁ ካርዱን መሙላት ነው። የመጀመሪያ ቀን ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ስትወጣ በር ላይ አቁሜ መከርኋት።

«ሰው ያለውን ጻፊ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

«እሺ አባባ።»

እራት ላይ የቢሮውን ወሬ ታወራልናለች፤ ጣቷ ላይ ቀለም እንዳለ ነው። እኔ ፊቴን አኮሳትሬ «ብዪ እንጂ» እላታለሁ፤ ጆሮዬ ግን እሷ ዘንድ ነበር። ዛሬ ያንን ወሬ ለመስማት ምን አልሰጥም!

አንድ ቀን ከእናቱ ጋር ስለመጣ ወጣት አወራችልን። «ስንት ዓመት ተምረሃል?» ብትለው «ስምንት ዓመት ቀርቻለሁ» አላት። ቁርዓንና ኪታብ ተምሬአለሁ ማለቱ ነው፤ እኛ አገር ይህን መማር መቅራት ይባላል። ከኋላው የተሰለፉት ሳቁበት።

«አንተ፣ የተማርኸውን እንጂ የቀረኸውን ማን ጠየቀህ!»

«ቀራሁ እንጂ መቼ ቀረሁ! ወላሂ፣ የምትቀሩስ እናንተ ናችሁ» ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአማርኛ ማስታወቂያ አንድ ሳይሳሳት አነበበላቸው። አማርኛውን እንደ እኔ ራሱን ያስተማረ ነው። ልጄም ካርዱ ላይ «ስምንት ዓመት ቀርቷል» ብላ ጻፈች። ያለው እሱን ነዋ።

«ደግ አደረግሽ» አልኋት።

ከሳምንት በኋላ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ማንበብ የሚችል የመጋዘን ሠራተኛ ጠየቀ። ካርዶቹን የመረጡት ኃላፊ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ነበሩ፤ የኛን መቅራት አያውቁም። ስምንት ዓመት ከትምህርት የቀረ ነው ብለው የወጣቱን ካርድ ወደ ጎን አደረጉት። ልጄ ያየችው ዝርዝሩ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚላከው በማግስቱ ነበር። የዚያን ቀን እራቷን አልነካችም።

«አባባ፣ ነገ ለኃላፊው ልንገራቸው። እርስዎም አብረውኝ ይምጡና ቃሉን ያስረዱልኝ።»

«የተፈረመ ወረቀት በተለማማጅ አይነካም። ተራውን ይጠብቅ።»

«ተራው እኮ ይሄ ነበር።»

«አልሁሽ!»

ሥርዓት ነው ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። በዚያን ጊዜ ለማያውቁት ሰው ቢሮ ገብቶ መከራከር «ከእሱ ጋር ምን አገናኘህ?» ያሰኛል። ፍርሃቴን ምክር አስመስዬ ለልጄ ሰጠኋት። አባት በልጁ ላይ ከሚሠራው በደል ይህን የሚያህል አላውቅም። እሷም ታዘዘችኝ።

መኸሩ ሳይሰበሰብ ለብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ወጣቱ ሥራ አልነበረውምና ከቤቱ ተገኘ። ወሰዱት።

በሚቀጥለው ክረምት ልጄ ሰኞ ገበያ እናቱን አየቻቸውና ቀረብ አለች።

«እማማ፣ ልጅዎስ?»

እሳቸው ጎመኑን እያሰሩ «ቀረ» አሏት። ሌላ አልጨመሩም።

ቤት ስትመጣ አልገባችም፤ እኔ በመከርኋት በር ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ይህንንስ እንዳሉት ልጻፈው?»

ከዚያ ወዲያ እራት ላይ ወሬ የለም። ትምህርቷን ጨርሳ ሩቅ አገር ሥራ ያዘች። ደብዳቤዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፤ ደህና ይሁኑ።» አትጨምርም፣ አትቀንስም። ክረምት በገባ ቁጥር ከኮምቦልቻ በኩል አውቶቡስ ሲመጣ ድምፁን ስሰማ ልጄ መጣች ብዬ መዶሻዬን አስቀምጬ ወደ በሩ እሄዳለሁ።

ያ ቢሮ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። እናትየው ልጃቸውን ከፈሉ። ልጄ ያንን የእራት ሳቋን ከፈለች። እኔ ሩብ ሰዓት አተረፍሁ።