ያልታረደው በሬ

አንኮበር ውስጥ ሠርግም ሆነ ተዝካር ካለ ወጥ ሠሪዋ ደመቀች ናት። ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና የተጠጋ ጊዜም ትልቁን ድስቷን በአህያ ጭና፣ ተራራው ላይ ለሰፈሩት ሚሊሻዎች ልታበስል ወጣች። አርባ ሰዎች ናቸው፤ ግማሹ የደጋ ክርስቲያን፣ ግማሹ ከአልዩ አምባ በኩል የመጣ ሙስሊም።

በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት የስንቅ መኪናው ቀረ። ደመቀች አራት ቀን ሙሉ የባቄላ ንፍሮ ብቻ አበላቻቸው። ሰው ሲርበው መጀመሪያ የሚጠፋው ሳቁ መሆኑን ያን ጊዜ አየች። ቀጥሎ ጠመንጃ መወልወል ቀረ። ቀጥሎ አንዳንዱ ውሃ ልቅዳ እያለ ምሽጉን ጥሎ ሲሄድ፣ የገበሬ ማሳ ውስጥ ተገኘ። አዛዡ ሻምበል ሰይፈሥላሴ ቢቆጣ ቢቆጣ፣ ቁጣውም እንደ ንፍሮው ሰለቻቸው።

ያልተለወጡት ይስማውና ፈረጅ ነበሩ። ይስማው ገበሬ፣ ፈረጅ የበርበሬ ነጋዴ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ምሽግ አንድ ባና ለብሰው እየተቀላለዱ ይጠብቃሉ።

በአምስተኛው ቀን አንድ ደግ ሰው በሬ ላከላቸው። የክርስቲያኑ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሻምበሉ ከደስታው ብዛት ማን እንደሚያርደው ሳያስብ ይታረድ አለ። ክርስቲያኑ ቢላ ሳለ፤ ሙስሊሙም ቢላ ሳለ። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፣ በሬው ደግሞ አንድ ነው። ራብ ያልለያያቸውን ሥጋ ለያያቸው።

"እናንተ ከነገ ወዲያም ትበላላችሁ፤ እኛ ጾማችን ደረሰ" አለ ይስማው።

"እናንተ እስክትጠግቡ የእኔ ሆድ ቆሞ ይጠብቃ" አለና ፈረጅ ባናውን ጥሎለት ሄደ።

ረፋዱ ላይ ሁሉም በሬውን ከበበ፤ ጠላት የሚመጣበትን አፋፍ የሚያይ አንድም ሰው አልቀረም። ሻምበሉ ይህን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገ ጠዋት አንድ ምሽግ ባዶ ካገኘ ጦሩን በትኖ እያንዳንዱን ወደተለያየ ግንባር እንደሚልክ ነገራቸው። አለመጮኹ ደመቀችን አስፈራት።

በሬውን ትክ ብላ አየችው። ጫንቃው ቀንበር የለመደ ነው። ከታች መንደር ዘርአ ዳዊት የሚባል ገበሬ በሬ ሞቶበት፣ ገብሱ ሳይወቃ አውድማ ላይ እንደተከመረ ታውቃለች።

"ሻምበልዬ፣ ይሄ በሬ ቢታረድ የአንድ ቀን ነው። ለዘርአ ዳዊት ብንሰጠው የወር በሶ ይሰጠናል። በሶ ማንም ቢፈጨው ማንም ይበላዋል፤ ጾምም አያስገድፍም።"

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱማ፣ "እትዬ ደመቀች፣ ጠላት ነው እንዴ የላከሽ?" አላት።

"ጠላትማ የሚፈልገው ሥጋውን በልታችሁ እንድትተኙለት ነው" አለችው። ከአምስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

በሬው ወረደ። የመንደሩ ሴቶች የዘርአ ዳዊት ገብስ እስኪወቃ ከየጎተራቸው አበድረው ሲቆሉና ሲፈጩ ዋሉ፤ ሳይመሽ የመጀመሪያው ጆንያ በሶ ከኑግ ዘይት ጋር ደረሰ። ደመቀች እያሸች፣ እየጨበጠች አንድ ትሪ ላይ ደረደረችው። ይስማው ሁለት ጭብጥ አንስቶ፣ ሳይቀምስ ፈረጅን ፍለጋ ሄደ።

ጠዋት ሻምበሉ ምሽጎቹን አንድ በአንድ ዞረ። ባዶ አላገኘም። አፋፉ ላይ ከአንዱ ባና ሥር የፈረጅ ድምፅ ይሰማል፤ ይስማው ሌሊቱን ባናውን ብቻውን ጠቅልሎት እንዳደረ እየከሰሰው ነው። ሻምበሉ ወደ ደመቀች ተመልሶ መዳፉን ዘረጋ።

"ለእኔም ጨብጪልኝ።"

ጨበጠችለት፤ ልክ እንደ ሌሎቹ አድርጋ።